ካፒቴን አሜሪካ ሱዳን ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?

መጥፎ ፊልም ብዙ ጊዜ ከማለቁ በፊት ይረሳል። ስለ እኛ የሚያወራ መጥፎ ፊልም ግን ቶሎ አይለቅም። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. ጁላይ 31 ቀን 2019 የለቀቀው «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» ለእኔ እንደዚያ ነው። አሁንም በየጊዜው አንድ ሰው ያየውና «የቤተ እስራኤሎች ታሪክ እንዲህ ነበር እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ አልነበረም። እንዴት እንደነበረ ለመናገር ደግሞ ከፊልሙ ቀዳዳዎች መጀመር ይቀላል፤ የሚገርመው ታሪኩ የተቀደደበት ቦታ ሁሉ አንድ ኢትዮጵያዊ ተቆርጦ የወጣበት ቦታ መሆኑ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ዳይሬክተሩ ጊዲዮን ራፍ ነው፤ «ሆምላንድ» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ የተቀዳበትን የእስራኤል ድራማ የሠራው ሰው። ዋናውን ገጸ ባሕርይ፣ የሞሳዱን አሪ ሌቪንሰንን፣ የሚጫወተው ካፒቴን አሜሪካ ሆኖ የምናውቀው ክሪስ ኢቫንስ ነው። ቤን ኪንግስሊ አለ፣ ግሬግ ኪኒር አለ፣ በ2021 ያረፈው ማይክል ኬ. ዊልያምስም ከበደ ቢምሮ የተባለ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ይተውናል። የተቀረፀው ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ነው። ታሪኩ የሞሳድ ሰዎች ሱዳን ውስጥ ቀይ ባሕር ዳር የተተወ የመዝናኛ ሆቴል ተከራይተው፣ የዋና ጠላቂዎች ሪዞርት አስመስለው፣ ቤተ እስራኤላውያንን በሌሊት ከስደተኛ ካምፕ ወደ እስራኤል ስለማውጣታቸው ነው።

የዚህ አስኳል እውነት ነው። ቦታው አሩስ ይባላል፤ ከፖርት ሱዳን በስተ ሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያናውያን ሠርተውት፣ ውሃና መብራት መንገድም የሌለበት ሆኖባቸው ጥለውት ሄዱ። የሞሳድ ሰዎች የስዊዝ ኩባንያ ነን ብለው ከሱዳን የቱሪዝም መሥሪያ ቤት በ320 ሺህ ዶላር ተከራዩት፤ እስከ 1985 ድረስም እውነተኛ ቱሪስት እያስተናገዱ ሠሩበት። ይህን ታሪክ የቢቢሲው ጋዜጠኛ ራፊ በርግ በሰፊው ጽፎታል። ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢያመጣው «አይታመንም» ተብሎ የሚመለስ ታሪክ ነው። እንዲህ ያለ ነገር እጅህ ላይ ወድቆ እንዴት ታበላሸዋለህ?

ከትንሹ ቀዳዳ ልጀምር። በፊልሙ ውስጥ ሰላዮቹ ሽፋናቸው እውነት እንዲመስል የሆቴሉን ብሮሸር ያሳትማሉ። ከዚያ ብሮሸሩን ያዩ ፈረንጆች ሻንጣቸውን ይዘው ሲመጡ ክው ብለው ይደነግጣሉ። አሁን ማን ይሙት፣ ማስታወቂያ በትነህ ደንበኛ ሲመጣብህ ትደነግጣለህ? በዓለም ላይ ስመ ጥር የሆነ የስለላ ድርጅት ሊመጣ የሚችለውን እንግዳ ሳያስብ ነው ሆቴል የከፈተው? ለሳቅ ተብሎ የገባ ትዕይንት መሆኑ ይገባኛል። ነገር ግን እውነቱ ከቀልዱ ይበልጥ ነበር። ቱሪስቶቹ የዕቅዱ አካል ነበሩ። ሆቴሉ ከእስራኤል በድብቅ የገባ ኤር ኮንዲሽነርና የጀልባ ሞተር ነበረው። የዕለት ተዕለት ሥራውን ሴት ሰላዮች እንዲመሩት የተደረገው ሴት ያለችበት ቤት ብዙም አያጠራጥርም ተብሎ ነው። የመጥለቂያ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ከቴል አቪቭ ጋር የሚገናኙበት ሬዲዮ ተደብቋል። ካርቱም ያሉ ዲፕሎማቶች ይመጣሉ፣ የሱዳን ባለሥልጣናት ይመጣሉ፣ የግብፅ ወታደሮች ሳይቀሩ አርፈውበታል። ሆቴሉ እያደር ራሱን ቻለ። አስቡት፤ የግብፅ መኮንን ወንበር ላይ ተንጋሎ ፀሐይ ሲሞቅ የሞሳድ ሰው ለስላሳ ያቀርብለታል። ጥይት ሳይተኮስ ልብ የሚያንጠለጥል ነገር ይህ ነበር፤ ፊልሙ ግን ሙዚቃ ለቆበት በሁለት ደቂቃ አለፈው።

ሁለተኛው ቀዳዳ ርቀት ነው። በፊልሙ ካምፑና ባሕሩ ጎረቤት ይመስላሉ። መኪናው ማታ ይነሳል፣ አንድ ኬላ ላይ ይጨነቃሉ፣ ከዚያ ማዕበሉ ይሰማል። ካርታ ዘርግታችሁ እዩት። ቤተ እስራኤላውያኑ የነበሩት በገዳሪፍ ዙሪያ ባሉ ካምፖች፣ እነ ኡም ራኩባና ተዋዋ አካባቢ ነው። ከዚያ እስከ አሩስ ባሕር ዳር 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከአዲስ አበባ ጎንደር ሄዶ ትንሽ ማለፍ ማለት ነው። ሁለት ሌሊት ይፈጃል፤ ቀኑን ተደብቀው ይውላሉ። ኬላው አንድ ሳይሆን ብዙ ነው፤ አንዳንዱ በጉቦ ይታለፋል፣ አንዳንዱ ሹፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ። የጭነት መኪና ሆድ ውስጥ ተደራርበው የተቀመጡት ሕፃናት፣ አሮጊቶችና ነፍሰ ጡሮች ናቸው። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት መኪና ተሳፍረው አያውቁም፤ ባሕርም አይተው አያውቁም።

እዚህ ጋ ጥያቄ አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ሕፃናት የጫነ መኪና ኬላ ላይ ሲቆም ያንን ሕዝብ ጸጥ ያሰኘው ማነው? ክሪስ ኢቫንስ ነው? ከማን ጋር በምን ቋንቋ ተነጋግሮ? እናት ልጇን አፉን ይዛ፣ አባት «እስትንፋሳችሁን ዋጡ» ብሎ፣ ሽማግሌው በልቡ ጸሎት እያደረሰ ነው ጸጥታ የተገኘው። በፊልሙ ጸጥታው እንዲሁ አለ፤ ማን እንደፈጠረው አይታይም። ስደተኞቹ አሪ «ተነሡ» ሲል ይነሣሉ፣ «ተቀመጡ» ሲል ይቀመጣሉ። ከከበደ በስተቀር ፊልሙ ሲያልቅ ስሙን የምናስታውሰው አንድም ኢትዮጵያዊ የለም።

ሦስተኛው ቀዳዳ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እናት ነው፤ ከዚህ የተነሣ ረዘም አድርጌ እቆይበታለሁ። ካምፕ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች አሉ። ከጦርነት የሸሸ አለ፣ ከደርግ የሸሸ አለ፣ ከረሃብ የሸሸ አለ። ከእነዚህ መካከል ቤተ እስራኤል የሆኑት ማንነታቸውን ደብቀው ነው የሚኖሩት። ታዲያ አንድ ሌሊት መቶ፣ ሁለት መቶ ሰው፣ ጎረቤቱ ሳይሰማ፣ ቤተሰብ ሳይነጣጠል፣ ከካምፑ ውጪ ያለ ሸለቆ ውስጥ እንዴት ተሰበሰበ? ማን ነው «የዛሬው ተራ የእናንተ ነው» ያላቸው? ማን ነው የታመመውን ያስቀደመው? ዝርዝሩን ማን ያዘው?

በፊልሙ መልሱ «ከበደ» ነው። ከበደ ብቻውን። እንደ ነፋስ ሁሉም ቦታ ይደርሳል።

በእውነቱ መልሱ «ኮሚቴዎቹ» ነው። ሱዳን ያለፉ ቤተ እስራኤላውያን ዛሬም «የኮሚቴ ሰዎች» እያሉ ነው የሚጠሯቸው። በአብዛኛው ወጣቶች ነበሩ፤ ትንሽ የተማሩ፣ አረብኛ የለመዱ። በየካምፑ የማኅበረሰቡን ሰዎች ይለያሉ፣ ስም ይመዘግባሉ፣ የተላከ ገንዘብ ያከፋፍላሉ፣ መድኃኒት ያቀብላሉ፣ ቀኑ ሲደርስ በየድንኳኑ ዞረው በጆሮ ይናገራሉ፣ በጨለማ መርተው መኪናው ጋ ያደርሳሉ። ከዚያ መኪናው ሲሄድ እነሱ ይመለሳሉ። የሞሳዱ ሰው ቢያዝ የሚደራደርለት መንግሥት አለው፤ የውጭ አገር ፓስፖርት ኪሱ ውስጥ አለ። የኮሚቴው ልጅ ቢያዝ ያለው ገላው ብቻ ነው። የተያዙ ነበሩ፤ የተገረፉ፣ የታሰሩ። ፊልም ሠሪ ሆኜ «ጀግናው ማን ይሁን?» ብባል ካምፑ ውስጥ የቀረውን ነው የምመርጠው፤ ከሁሉ የበዛው አደጋ ያለው እሱ ጋ ነውና።

ከበደ ቢምሮም ቢሆን ከአየር አልመጣም። መነሻው ፈረደ አክሉም ነው። ፈረደ የትግራይ ሰው፣ መምህር ነበር። ደርግ ሲፈልገው በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ሱዳን ተሰደደና እስራኤልና አውሮፓ ወዳሉ ድርጅቶች የእርዱኝ መልእክት መላክ ጀመረ። አንዱ መልእክት ሞሳድ እጅ ገባ። በዚያን ጊዜ የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር መናኸም ቤጊን የሞሳዱን ኃላፊ የኢትዮጵያን አይሁዶች አምጡልኝ ብለው አዘው ነበር፤ ነገር ግን መንገዱ ጠፍቶ ነበር። ከመንግሥቱ ኃይለ ማርያም መንግሥት ጋር በ1977 የተጀመረው «መሣሪያ ስጡኝ፣ ሰው ውሰዱ» የሚመስል ስምምነት ወደ 120 ሰው ካወጣ በኋላ፣ በ1978 መጀመሪያ ሞሼ ዳያን እስራኤል ለኢትዮጵያ መሣሪያ እንደምትሸጥ በአደባባይ ተናግረው ፈርሶ ነበር። ስለዚህ ዳኒ የተባለ የሞሳድ ሰው ካርቱም ሄዶ ፈረደን ፈልጎ አገኘው።

አሁን ስሙ። ሁለቱ ሰዎች የስደተኛ ካምፖችን ቢያስሱ ቤተ እስራኤል የሚባል ሊያገኙ አልቻሉም። ሞሳድም «ሰው ከሌለ ተመለስ» ማለት ጀምሮ ነበር። ያን ጊዜ ፈረደ ወደ አገር ቤት፣ ወደ መንደሮቹ፣ መልእክት ላከ፤ የኢየሩሳሌም መንገድ በሱዳን በኩል ነው፣ ኑ ብሎ። ሰዎቹም መጡ። አያችሁ ሴራው እንዴት እንደተገለበጠ? ፊልሙ እንደሚለው ሞሳድ መጥቶ ሕዝቡን አላስነሣም። አንድ አስተማሪ መንገዱን አሰበ፣ ሕዝቡ በእግሩ አረጋገጠው፣ ሞሳድ ከዚያ በኋላ መኪናና ጀልባ አመጣ። የመኪናውንና የጀልባውን ዋጋ አላሳንስም፤ ሰላዮቹ ሕይወታቸውን አስይዘው ነበር። ግን ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ታሪኩ ሌላ ታሪክ ይሆናል።

ፊልሙ ሲከፈት አሪ ወደ ኋላ የቀረ ሕፃን ለማዳን ወደ አደጋው ተመልሶ ሲሮጥ ታያላችሁ። ከዚያ ጀምሮ የፊልሙ ሁሉ ሐሳብ «ማንንም ጥለን አንሄድም» የሚል ነው። የሚያሳዝነው ከእውነቱ ጋር እጅግ የሚጋጨው ይህ ነው፤ መንገዱ በሙሉ ጥሎ የመሄድ መንገድ ነበርና። ከጎንደር፣ ከወልቃይት፣ ከሰሜንና ከትግራይ ሳምንታት በእግር፣ በአብዛኛው በሌሊት፣ ሽፍታ ባለበት በረሃ። ሰንበት ሲደርስ መንገድ አቁመው የሚያርፉ ሰዎች ናቸው። መንገድ ላይ የሞተውን እዚያው ቀብረው ይሄዳሉ። ካምፕ ከደረሱ በኋላ ደግሞ ወባ፣ ተቅማጥ፣ ረሃብ። በተለይ 1984 ኡም ራኩባ ላይ የነበረውን ያየ ሰው ማውራት አይወድም፤ በየቀኑ ነበር የሚቀበረው። በመንገድና በካምፕ የሞቱት 4,000 ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል። ኢየሩሳሌም በሚገኘው የሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ በየዓመቱም በኢየሩሳሌም ቀን ይታሰባሉ። እነዚህን 4,000 ሰዎች የገደላቸው በቂ ውሃና መድኃኒት ማጣት፣ ተራን መጠበቅ ነው። ፊልሙ ግን ገዳይ ሰው ያስፈልገዋልና አንድ ጨካኝ ኮሎኔል ፈጠረ።

ወደ ኮሎኔሉ እንምጣ። አራተኛው ቀዳዳ እሱ ራሱ ነው። ኮሎኔል አብደል አህመድ ሆቴሉን ይጠረጥራል፣ ይመጣል፣ አፍጥጦ ያያል፣ ያስፈራራል፣ ይሄዳል። እንደገና ይመጣል። በፊልሙ ስሌት ሰው ለመግደል ፈቃድ የማይጠይቅ መኮንን ነው፤ አንድ ሆቴል ለመፈተሽ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ እጁ ይያዛል። ለምን? ቢፈትሽ ፊልሙ ስለሚያልቅ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ከዚህ የባሰው ኮሎኔሉ አይሁዶችን እየለየ ማደኑ ነው። በምን ለያቸው? ለሱዳን ወታደር ከድንበር ማዶ የመጣው ሁሉ ሐበሻ ነው። የጎንደሩን ክርስቲያን፣ የጎንደሩን ቅማንት፣ የጎንደሩን ቤተ እስራኤል በመልክም በአለባበስም በቋንቋም ሊለይ የሚችልበት መንገድ የለም።

ሊለይ የሚችለው ሌላው ሐበሻ ነው። እዚህ ላይ ፊልሙን ትተን ራሳችንን ማየት አለብን። ቤተ እስራኤላውያን ካምፕ ውስጥ ስማቸውንና ሰንበታቸውን የደበቁት በመጀመሪያ ከማን ነበር? ከአጠገባቸው ካለው ድንኳን ነበር። ሌላ ያረደውን ሥጋ አለመብላታቸውን አይቶ የሚገምተው፣ አርብ ማታ እሳት አለማንደዳቸውን የሚያስተውለው፣ ሄዶ ሊጠቁም የሚችለው የአገራቸው ሰው ነበር። የጠቆመም አለ፤ አውቆ ዝም ያለም፣ የሸሸገም አለ። ይህ ሁሉ ከየት መጣ? ለዘመናት «ፈላሻ» ብለን፣ «ቡዳ» ብለን፣ ርስት ከልክለን፣ ማረሻችንን የሚቀጠቅጠውን አንጥረኛና ጀበናችንን የምትሠራውን ሸክላ ሠሪ «እጁ አይነካን» ብለን ከኖርንበት መንደር ነው የመጣው። ሆሊውድ ይህን ባለማወቁ አልፈርድበትም። እኛ ግን በፊልሙ ስንቆጣ የምንቆጣው «ኢትዮጵያዊውን ጀግና ነጠቁን» ብለን ነው። ከመነጠቁ በፊት የእኛ አድርገን ቆጥረነው ነበር ወይ? ፈረደ አክሉምን ስንቶቻችን በትምህርት ቤት ሰማን?

ለሱዳንም ፍትሕ ይገባል። በፊልሙ ሱዳን ማለት ኮሎኔሉ ነው፤ የተቀረው አሸዋ። የእውነተኛዋ ሱዳን ነገር ግን ውስብስብ ነበር። የኒሜሪ መንግሥት የአረብ ሊግ አባል ሆኖ ሳለ፣ ሳዳት ከእስራኤል ጋር ታርቀው የአረብ አገሮች ካይሮን ሲያገሉ ከግብፅ ጋር ግንኙነቱን ያላቋረጠ ነው። በጣም ድሃ፣ የአሜሪካንን ገንዘብ የሚፈልግ፣ በ1983 ደግሞ ሸሪዓን ያወጀ። ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 በተካሄደው «ዘመቻ ሙሴ» ወደ 8,000 ሰው በቤልጂየም አየር መንገድ አውሮፕላኖች ከካርቱም ሲወጣ፣ አውቶቡሶቹን አጅቦ ያሳለፈው የሱዳን ደኅንነት ራሱ ነው፤ በአሜሪካ አግባቢነት፣ ምስጢር እንዲሆን በመስማማት። ኒሜሪ ከወደቁ በኋላ ምክትላቸውና የደኅንነቱ ኃላፊ ዑመር ኤል ጠይብ በዚህ ነገር ፍርድ ቤት ቀርበው ተፈረደባቸው። እስቲ ይህንን ገጸ ባሕርይ አስቡት! በአንድ እጁ ሸሪዓ የሚፈርም፣ በሌላው እጁ አይሁድ ወደ አውሮፕላን የሚያሳፍር ጄኔራል። ኮሎኔል አብደል ከጎኑ የካርቶን ምስል ነው።

ዘመቻው የቆመውም በጥይት አይደለም። ጃንዋሪ 1985 መጀመሪያ እስራኤል ውስጥ ባለሥልጣናት አፋቸውን ከፈቱና ወሬው ወጣ፤ አረቦቹ ጮኹ፤ ኒሜሪ በረራውን ዘጉ። መቶዎች ሱዳን ቀሩ፤ እናት ኢየሩሳሌም፣ ልጅ ገዳሪፍ። ሞሼ ዳያንም በ1978 ያደረጉት ያንኑ ነበር። ሁለት ጊዜ መንገዱን የዘጋው የባለሥልጣን ምላስ ነው።

አምስተኛው ቀዳዳ አውሮፕላኑ ነው። በፊልሙ መጨረሻ ላይ ነገሮች ሲጨልሙ ካርቱም ያለው አሜሪካዊ የስለላ ሰው ይረዳል፣ ትልቅ የጭነት አውሮፕላን በረሃ ላይ ያርፋል፣ ስደተኞቹ ይሮጣሉ፣ ኮሎኔሉ ያባርራል፣ አውሮፕላኑ ልክ ሊይዘው ሲል ይነሣል። እዚህ ሦስት የተለያዩ ዓመታት በአንድ ሌሊት ተሰፍተዋል። ማርች 1982 የሱዳን ወታደሮች ባሕር ዳር ላይ የጎማ ጀልባዎቹን ሲጭኑ የነበሩትን ሰላዮች መሣሪያ ደግነው ከበቧቸው። ዳኒ ያመለጠው በቡጢ አይደለም፤ በጩኸት ነው። እብድ ናችሁ እንዴ፣ ቱሪስት ላይ ነው የምትተኩሱት፣ ለአለቆቻችሁ እነግራለሁ ብሎ መኮንኑ ላይ ጮኸበት። መኮንኑ አፍሮ ወታደሮቹን ሰበሰበ። ኮንትሮባንድ መስሏቸው ነበር። የባሕሩ መንገድ ከዚያ በኋላ አደገኛ ስለሆነ የእስራኤል አየር ኃይል ሄርኩሊስ አውሮፕላኖች በሌሊት በረሃ ላይ ማረፍ ጀመሩ፤ በመጀመሪያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች በተዉት ማኮብኮቢያ፣ ቀጥሎ ወደ ገዳሪፍ ቀረብ ባለ ቦታ። የአሜሪካ አውሮፕላኖች የመጡት ከሁሉ በኋላ፣ ማርች 1985፣ ምክትል ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ካርቱም ሄደው ኒሜሪን ካነጋገሩ በኋላ ነው፤ የቀሩትን 500 ገደማ ሰዎች ወሰዱ። ፊልሙ የ1982ቱን ማኮብኮቢያ፣ የ1985ቱን አሜሪካዊ፣ ከየትም ያልመጣ ማባረር አንድ ላይ ቀላቀለ። መቀላቀሉ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ፊልም ያጠጋጋል። ግን ሲያጠጋጋ የጣለው የትኛውን ነው? ጩኸቱን ጥሎ ተኩሱን ያዘ።

የሆቴሉ እውነተኛ ፍጻሜ የመጣው ኤፕሪል 1985፣ ኒሜሪ በመፈንቅለ መንግሥት ከወደቁ በኋላ ነው። አዲሶቹ መኮንኖች የሞሳድ ሰው ማደን ጀመሩ። ካርቱም የነበሩትን ጥቂት ሰላዮች የአሜሪካው የስለላ ድርጅት የካርቱም ኃላፊ የነበረው ሚልተን ቤርደን ደብቆ በሣጥን ውስጥ አሽጎ አስወጣቸው። አሩስ ያሉት ደግሞ ንጋት ሳይደርስ መኪናቸውን አስነሥተው ወደ በረሃው ሄዱ፤ አውሮፕላን መጥቶ ወሰዳቸው። ቱሪስቶቹ ተኝተው ነበር። ሲነቁ አስተዳዳሪ የለ፣ ዋና አስተማሪ የለ፤ የአካባቢው ሠራተኞች ብቻ፣ ምንም የማያውቁ፣ ቁርስ ያቀርባሉ።

አብዛኛው ሐያሲ ፊልሙን «ነጭ አዳኝ» የሚባለው አሮጌ ቅርጽ ነው ብሎ ነቀፈው። ትክክል ነው፤ ግን ቃሉ በየቦታው ስለሚወረወር ጥርሱ አልቋል። እኔ የምለው ከዚያ ጠበብ ያለ ነው። ፊልሙ እንደ ትሪለር የወደቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ልብ አንጠልጣይ ታሪክ የሚሠራው አደጋው ያለበት ሰው ጋ ካሜራው ሲቆም ነው። ካሜራው ፓስፖርት ያለው ሰው ጋ ስለቆመ ውጥረት ጠፋ፤ ውጥረቱን ለመመለስ ኮሎኔል ተፈጠረ፤ ኮሎኔሉ ምክንያት ስለሌለው ሴራው ተቀደደ።

ጊዜውንም አስታውሱ። ጁን 30 ቀን 2019 ሰለሞን ተካ የተባለ ቤተ እስራኤላዊ ወጣት ሃይፋ አጠገብ ከሥራ ውጪ በነበረ ፖሊስ ጥይት ተገደለ። የእስራኤል መንገዶች በቤተ እስራኤላውያን ሰልፍ ተዘጉ፤ ጎማ ተቃጠለ። ወላጆቻቸው ያን በረሃ ተሻግረው የመጡ ልጆች «እዚህስ ሰው ነን ወይ?» እያሉ ነበር። ፊልሙ ልክ ከአንድ ወር በኋላ ወጣ፤ ታሪኩ አውሮፕላኑ ሲነሣ እንዳለቀ አድርጎ። በ1991 «ዘመቻ ሰለሞን» ከ36 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከአዲስ አበባ 14 ሺህ ከሚበልጥ ሰው ጋር የበረሩትም፣ ከዚያ በኋላ ጎንደርና አዲስ አበባ ውስጥ ተራ ሲጠብቁ ያረጁትም አውሮፕላን ሲነሣ ታሪክ እንደማያልቅ ያውቃሉ።

ፈረደ አክሉም ፊልሙን አላየም። በ2009 ኢትዮጵያን ሊጎበኝ መጥቶ ሳለ አረፈ፤ አስከሬኑ ወደ እስራኤል ተመልሶ ተቀበረ።

ማየት የሚገባው ፊልም ለምትጠይቁኝ ሁለት አሉ። አንዱ የራዱ ሚሃይሊኑ የ2005 ፊልም ነው፤ በፈረንሳይኛ ርዕሱ «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» እንደማለት ነው። ሱዳን ካምፕ ውስጥ ያለች ክርስቲያን እናት ልጇ እንዲተርፍላት አይሁድ ነኝ ብሎ እንዲሄድ ትልከዋለች። ከላይ ያልኩት የድንኳንና የድንኳን ነገር እዚያ ውስጥ አለ፤ በተገላቢጦሽ። ሌላው የዓለምወርቅ ዳቪድያን «የበለስ ዛፍ» ነው፤ 2018 የወጣ፣ በአማርኛ የሚናገር፣ በ1989 አዲስ አበባ ላይ የሚካሄድ። አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ቤተ እስራኤላዊት ክርስቲያን ወዳጇን ከአፈሳ ለማዳን ትጥራለች፤ ልጁ ብሔራዊ ውትድርና ሽሽት ዛፍ ላይ ነው የሚኖረው። ሪዞርት የለም፣ ባሕር የለም፤ ወታደር የጫነ መኪና ሰፈር ውስጥ ሲገባ የሚሰማው የሞተር ድምፅ ብቻ አለ። እኔ ከሁለት ሰዓቱ የቀይ ባሕር ፊልም ይልቅ ያንን ድምፅ ስሰማ ነው ከወንበሬ የተነሣሁት።